የባሕር አኒሞን በቤት ውስጥ፦ የውኃ መረጋጋት ለምን ይቀድማል?

እ.ኤ.አ. በ1828 ሰር ጆን ዳልዬል የተባለ ስኮትላንዳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከኖርዝ በርዊክ የባሕር ዳርቻ አንድ አኒሞን ወስዶ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያኖረው ጀመር። ዳልዬል በ1851 ሲሞት እንስሳው ወደ ሌሎች ጠባቂዎች ተላለፈ። የባሕር ውኃው እየተለወጠለት፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ምግብ እየተሰጠው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችንም እያፈራ እስከ 1887 ድረስ ኖረ። በዕድሜው መርዘም የተነሣም «ግራኒ»፣ ማለትም «አያት»፣ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ይህ እንስሳ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ፓምፕና ያለ ኬሚካል መለኪያ 59 ዓመት በሰው እጅ ሲኖር፣ ዛሬ ከሞቃታማ ባሕሮች ተይዘው በዘመናዊ መሣሪያ በተሟላ ገንዳ ውስጥ የሚገቡ አኒሞኖች ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይሞታሉ። እነዚህን የሚገድላቸው እርጅና እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ የእንስሳውን የሰውነት አሠራር መመልከት ያስፈልጋል።

አኒሞን አበባ ቢመስልም ሥጋ በል እንስሳ ነው፤ የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ ነው። አንጎል፣ ልብ፣ ሳንባም ሆነ ኩላሊት የለውም። ምግብ የሚገባበትና ቆሻሻ የሚወጣበት ቀዳዳ አንድ ሲሆን፣ እርሱንም የሚነድፉ ህዋሳት የታጠቁ ለስላሳ ክንዶች ከበውታል። አጥንት ስለሌለው ቁመናውን የሚጠብቀው በሆዱ በያዘው ውኃ ግፊት ነው። የሰውነቱ ፈሳሽ የጨው ይዘት ከዙሪያው ውኃ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዓሣ በኩላሊቱና በስንጥቡ አማካይነት የውስጡን ጨው በተወሰነ ደረጃ ሊቆጣጠር ይችላል፤ አኒሞን ግን ይህን መከላከያ አልታደለም። ስለዚህ በገንዳው ውኃ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ሁሉ ወዲያው በእንስሳው ሥጋ ላይ ይደርሳል።

ከዚህ በተጨማሪ በቤት ገንዳዎች ዘንድ ተወዳጅ የሆኑት የሞቃታማ ባሕር ዝርያዎች ብቻቸውን አይኖሩም። ለምሳሌ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገኘው ኤንታክሜያ ኳድሪከለር በህዋሳቱ ውስጥ ባለ አንድ ህዋስ አልጌዎችን ይይዛል። አልጌዎቹ በብርሃን አስተጻምሮ ከሚሠሩት ስኳር ከፍተኛውን ድርሻ ለአስተናጋጃቸው ይሰጣሉ፤ እርሱም መጠለያና ከቆሻሻው የሚገኘውን ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል። የስኮትላንዱ ግራኒ ዝርያ እንዲህ ያለ አልጌ ስለሌለው ከብርሃን የሚጠብቀው ምግብ አልነበረም። የሞቃታማውን ባሕር አኒሞን የሚያኖር ሰው ግን አንድ እንስሳ ብቻ ሳይሆን የሁለት ፍጥረታትን ሽርክና ነው የሚጠብቀው። ሽርክናውም በሙቀት፣ በብርሃን ማነስ ወይም በድንገተኛ ለውጥ በቀላሉ ይፈርሳል።

የሚመከሩት ልኬቶች ብዙም አያከራክሩም። የሙቀት መጠን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨው በአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ገደማ፣ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4፣ አሞኒያና ናይትራይት ደግሞ ዜሮ ሊሆኑ ይገባል። አስቸጋሪው ነገር እነዚህን ቁጥሮች አንድ ቀን ማግኘት ሳይሆን በየቀኑ ሳይዛነፉ ማቆየት ነው። ጨውን ብቻ እንውሰድ። 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ጨው አለው። ውኃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። በጥቂት ቀናት 5 ሊትር ቢተን በቀረው 95 ሊትር ውስጥ ያለው ጨው በሊትር 36.8 ግራም ይደርሳል። ባለቤቱ የጎደለውን በጨው ውኃ ቢሞላ 175 ግራም ጨው ይጨምራል፤ ይህንም በደጋገመ ቁጥር ጨዉ ያለማቋረጥ ይከማቻል። በንጹሕ ውኃ ቢሞላም 5ቱን ሊትር በአንድ ጊዜ ካፈሰሰው እንስሳውን ለድንገተኛ መዋዠቅ ይዳርገዋል። ትክክለኛው መንገድ የተነነውን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ በጨው አልባ ውኃ መተካት ነው፤ ይህን ሥራ በተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ የሚሠራ አነስተኛ መሣሪያም አለ። ገንዘብ ለማውጣት የፈለገ ሰው ከጌጣጌጥ መብራት በፊት ይህን ቢገዛ ይሻላል።

የውኃው ምንጭም ቢሆን ችላ ሊባል አይገባም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊይዝ ይችላል፤ መዳብም ከቧንቧው ሊገባበት ይችላል። መዳብ ለሰው ጎጂ ባልሆነ መጠን እንኳ ለአኒሞን ገዳይ ነው። በመሆኑም ሪቨርስ ኦስሞሲስ በተባለው ማጣሪያ ያለፈ ውኃ ይመረጣል። ለዓሣ በሽታ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መሠረታቸው መዳብ ስለሆነ፣ የታመመ ዓሣ መታከም ያለበት ወደ ሌላ ዕቃ ተለይቶ ነው።

ገንዳው ራሱ ዕድሜ ያስፈልገዋል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋይና በአሸዋ ላይ ለመስፈር ሳምንታት ይወስድባቸዋል። ብዙ ጀማሪዎች መለኪያው ዜሮ ባሳየ ማግስት አኒሞን ይገዛሉ፤ ነገር ግን ገንዳው ያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነው። ልምድ ያላቸው ጠባቂዎች ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅን ይመክራሉ። ምክሩ የተጋነነ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ ገና ባልተደላደሉበት ገንዳ ውስጥ አንድ የሞተ ዓሣ ወይም አንድ ጊዜ የበዛ ምግብ የሚያስከትለው የአሞኒያ ንረት፣ በቆየ ገንዳ ውስጥ ከሚያስከትለው እጅግ የከፋ ነው።

ብርሃኑ ጠንካራ ሊሆን ይገባዋል፤ በመስኮት የሚገባ ብርሃን አይበቃም። ይሁንና አዲስ የመጣን እንስሳ ወዲያውኑ ለሙሉ ብርሃን ማጋለጥም ይጎዳዋል፤ ቀስ በቀስ መለማመድ አለበት። አልጌዎቹን ያጣ አኒሞን ይነጣል። ገበያ ላይ ይህ ንጣት እንደ ውበት ሲቆጠር መታየቱ አሳዛኝ ነው፤ አንዳንዴም የነጡ አኒሞኖች ደማቅ ቀለም ተነክረው ይሸጣሉ። ነጭ ወይም ከተፈጥሮ ውጭ የደመቀ ቢጫ አኒሞን በረሃብ ላይ ያለ አኒሞን መሆኑን ገዢው ማወቅ አለበት። የነጣ እንስሳ በተረጋጋ ውኃ፣ በመጠነኛ ብርሃንና በጥቃቅን ምግብ ሊያገግም ይችላል፤ ማገገሙ ግን ወራት ይፈጃል።

ጤነኛው አኒሞን በሽንብራ ፍሬ መጠን የተቆረጠ ሽሪምፕ ወይም ዓሣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢያገኝ ይበቃዋል። ከዚያ የሚያልፈው ምግብ ውኃውን ያበላሻል።

ቦታውን የሚመርጠው ራሱ እንስሳው ነው። ኤንታክሜያ እግሩን በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ደብቆ ክንዶቹን ወደ ብርሃን ይዘረጋል፤ ቦታው ካልተስማማው ተላቆ ይጓዛል። በጉዞውም የፓምፕ መምጠጫ ውስጥ ገብቶ ሊቆራረጥ ስለሚችል መምጠጫዎቹ በወንፊት ወይም በስፖንጅ መሸፈን አለባቸው። የተጣበቀን አኒሞን በጥፍር መንቀል ፈጽሞ አይገባም፤ የተቀደደ እግር ብዙ ጊዜ አይድንምና። ማዛወር ግድ ከሆነ ከነድንጋዩ ማንሣት ይቀላል።

በፊልሙ ኒሞ ዓለም ያወቀው የአኒሞን ዓሣ ለአኒሞኑ ሕይወት የግድ አስፈላጊ ነው ባይባልም ጌጥ ብቻም አይደለም። የዓሣው አሞኒያ ለአልጌዎቹ ማዳበሪያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዓሣና አኒሞን ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ ሌላ ጥቅም አሳይቷል፤ ዓሣው ሌሊት በክንዶቹ መካከል ሲንቀሳቀስ ውኃውን ስለሚያናውጠው ለአኒሞኑ ኦክሲጅን ያደርስለታል። ከዚህ በመነሣት ዓሣ የሌለው አኒሞን ሌሊትም የማይቋረጥ የውኃ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው መገመት ይቻላል።

ጠባቂውን በከንቱ የሚያስደነግጥ ምልክትም አለ። አኒሞን ቆሻሻውን ለማውጣት ለሰዓታት ሟሽሾ የሞተ ሊመስል ይችላል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይነፋል። የሚያሰጋው አፉ ተከፍቶ ሲቀር፣ እግሩ ከማናቸውም ነገር ጋር መያያዝ ሲያቅተው፣ ሥጋው መሟሟትና መሽተት ሲጀምር ነው። ይህን ያሳየ እንስሳ ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት፤ ሲበሰብስ የሚለቀው አሞኒያ በገንዳው ያሉትን ሁሉ ሊገድል ይችላል።

የአንድ አኒሞን ሞት ከገንዳው ውጭም ዋጋ አለው። የእንግሊዛዊው የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጻሕፍት ከ1850ዎቹ ጀምሮ በቤት ውስጥ የባሕር እንስሳትን ማኖርን ፋሽን ሲያደርጉት፣ ለቃሚዎች በዐለት መካከል ያሉትን የባሕር ኩሬዎች አራቆቷቸው፤ ልጁ ኤድመንድ ጎስም በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥፋት በሐዘን መዝግቧል። በዘመናችንም በፊሊፒንስ የተደረገ ጥናት ለገበያ በሚለቀምባቸው የኮራል ዐለቶች ላይ አኒሞኖችና ዓሦቻቸው ካልተለቀመባቸው ይልቅ አነስተኛ ሆነው አግኝቷል። ለአሥርት ዓመታት ሊኖር የሚችል፣ በዝግታም የሚተካ እንስሳ በወራት ውስጥ ሞቶ ሌላ ሲገዛለት ክፍተቱ የሚታየው በባሕሩ ነው።

ኤንታክሜያ በዚህ ረገድ ዕድል ይሰጣል፤ በገንዳ ውስጥ ከአፉ እስከ እግሩ ተሰንጥቆ ለሁለት ይከፈላልና። እያንዳንዱ ግማሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁስሉን ሽሮ ሙሉ እንስሳ ይሆናል። እንዲህ የተገኘ አኒሞን የገንዳን ብርሃንና ውኃ የለመደ ከመሆኑም በላይ የረጅሙ ጉዞ ጉዳት አልደረሰበትም። ስለዚህ ገዢው ለሻጩ ከዋጋ በፊት ሊያቀርብ የሚገባው ጥያቄ እንስሳው ከባሕር የመጣ ወይስ በገንዳ የተከፈለ መሆኑን፣ በሱቁ ውስጥም ስንት ሳምንት እንደቆየ ነው።