ልጃችን ፈተና የወደቀው ለምንድን ነው?

ገበሬው አንድ ዓይነት ዘር ዘርቶ የማሳው አንዱ ወገን ቢያፈራ፣ ሌላው ወገን ቢጫጫ ዘሩን አይረግምም። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ያያል። ውሃ ተኝቶበት ነው? አረም ውጦት ነው? ይላል። ልጅ ፈተና ሲወድቅ ግን ብዙዎቻችን «ይሄ ልጅ ድሮም ጭንቅላት የለውም» እንልና ነገሩን እንዘጋዋለን።

እስቲ ይህን እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ታዲያ የቀሩት ሁሉ ጭንቅላት የላቸውም ማለት ነው? አይደለም። ምክንያቱን ከልጁ ውጭም እንፈልግ።

መጀመሪያ ቤቱን እንይ። ሁለት ልጆች አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ቁርሱን በልቶ በጊዜ ደርሷል። ሌላዋ ጎህ ሳይቀድ ውሃ ቀድታ፣ በረት ጠርጋ፣ በባዶ ሆዷ አንድ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጥታለች። መምህሩ ሲያስረዳ እንቅልፍ ይጥላታል። ማታ የልጁን ደብተር ታላቅ ወንድሙ ያይለታል። የእሷን የሚያይ የለም፤ ኩራዙም ቶሎ ይጠፋል። በፈተና ቀን ግን ለሁለቱም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው መቅረት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ልጅ ለሥራ ይፈለጋል። «ሦስት ሳምንት ምን ይሆናል? ኋላ ይደርስበታል» እንላለን። አይደርስበትም! ሒሳብ አንዱ በሌላው ላይ የሚቆም ትምህርት ነው። ልጁ በሌለበት መምህሩ መቀነስን አስተምሮ ጨረሰ እንበል። ልጁ ሲመለስ ማካፈል ተጀምሯል። 84ን ለ6 ለማካፈል በመጀመሪያ ከ8 ላይ 6 ይቀነሳል፤ መቀነስ ያልያዘ ልጅ እዚያው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ይላል እንጂ አይማርም። በዓመቱ መጨረሻ «ሰነፍ» ይባላል። ነገሩ የተጀመረው ግን አውድማው ላይ ነበር።

ይህን ስንል ድሃ ወላጅ ልጁን አይወድም ማለታችን አይደለም። እረኛ የሚቀጥርበት የሌለው ሰው ከብቱን ለማን ይስጥ?

ትምህርት ቤቱም የራሱ ጉድለት አለው። በአንድ ክፍል 70 እና 80 ልጅ ከታጎረ መምህሩ የእያንዳንዱን ደብተር ማየት አይችልም። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ከሆነ ቤቱ ይዞት የሚሄደው አንዱ ብቻ ነው። ለሴቶች ለብቻ የሆነ መጸዳጃና ውሃ ከሌለ ደግሞ የወር አበባ የጀመረች ልጅ በየወሩ ጥቂት ቀን ትቀራለች። ይህ ለአባቷ አይነገርም።

ቤት ይበልጣል ወይስ ትምህርት ቤት? ምሁራንም ተከራክረውበታል። በፈረንጆች 1966 ዓ.ም. ጄምስ ኮልማን የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር 600 ሺህ ያህል ተማሪዎችን መርምሮ፣ በአገሩ ከሕንፃና ከመጽሐፍ ይልቅ የተማሪን ውጤት የሚለያየው የቤተሰቡ ሁኔታ ነው አለ። በ1983 ሄይንማንና ሎክስሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የ29 አገሮችን ውጤት ሲያነጻጽሩ በድሃ አገሮች የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ድርሻ ከፍ ብሎ አገኙት። ኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉ በዚህ አልተስማሙም። ለገጠር ልጅ ግን ነገሩ ግልጽ ይመስለናል። ቤቱ መጽሐፍ ከሌለ፣ መጽሐፍ የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ብቻ ነው። መምህሩ አንድ ቀን ሲቀር ይበልጥ የሚጎዳው እሱ ነው።

ማንበብ የማይችል ወላጅም የሚሠራው አለ። ማታ «ዛሬ የተማርሽውን እስቲ አንብቢልኝ» ብሎ ማዳመጥ ይችላል፤ የተደናቀፈችበትን ቦታ ጆሮው ይሰማዋል። አሁን ፊደል የቆጠራችሁ ደግሞ ጣታችሁን በመስመሩ ላይ እያስኬዳችሁ አብራችሁ አንብቡ፤ ለሁለታችሁም ልምምድ ነው። አጨዳውን በወንፈል ብትያያዙት፣ እረኝነቱንም ጎረቤታሞች በተራ ብታደርጉት ልጆቹ ከትምህርት የሚቀሩበት ቀን ይቀንሳል። በወላጅና በመምህራን ስብሰባ ላይም ስለ መዋጮ ብቻ ተነጋግራችሁ አትበተኑ። መምህሩ በዚህ ወር ስንት ቀን አስተማረ? የሴቶቹ መጸዳጃ በር አለው ወይ? የእኔስ ልጅ ስንት ቀን ቀረች? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በደብተራችሁ ጻፉ።