በብርድ ስለሚሠራው የሮኬት ሞተር

የኢትዮጵያ ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጣች ሲባል የሰማ ልጅ፥ ያወጣትም ሮኬት የኢትዮጵያ ይመስለዋል። መምህሩ ይህን ሳያቃና ማለፍ አይገባውም፤ የሮኬቱ ሞተር ከሳተላይቷ ይልቅ የከበደ ጥበብ ነውና።

እሳት ያለ አየር እንደማይነድ የቦንጋ አንጥረኛ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ወናፉን ከምድጃው አይለይም። ሮኬት ግን አየር ወደሌለበት ስፍራ ስለሚወጣ ከነዳጁ ጋር እሳቱ የሚሻውን ኦክሲጅን ተሸክሞ ይሄዳል። ከ800 ጋን የሚበልጠው የኦክሲጅን ጋዝ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን በአንድ ጋን ይገባል።

ችግሩ ብርዱ ነው። ፈሳሽ ኦክሲጅን ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ፥ ነዳጅ የሚሆነው ፈሳሽ ሃይድሮጅን ደግሞ ከዜሮ በታች በ253 ዲግሪ ይፈላል። ጀበና በፍም ላይ እንደሚፈላ፥ ሃይድሮጅን በበረዶ ላይ ቢጣድ ይፈላል፤ በረዶ ለእርሱ እሳት ነው። ሮኬቱ ሳይነሣ ከጎኑ ሲወርድ የሚታየው ነጭ ነገርም ጢስ አይደለም፤ በክረምት ጠዋት በከፋ ጫካ ላይ እንደሚተኛው ጉም፥ ብርድ ያገኘው የአየር እርጥበት ነው። በሞተሩ ውስጥ ይህን ብርድና 3000 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰውን ነበልባል የሚለያቸው አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው። ቀዝቃዛው ነዳጅ በግድግዳው ውስጥ በተበጁ ጠባብ ቦዮች እየፈሰሰ ብረቱን ከመቅለጥ ያድነዋል።

ሕንድ ይህን ጥበብ ከሩስያ ለመቀበል ተዋውላ ነበር። በ1985 ዓ/ም ግን አሜሪካ ስለተቃወመች የተሠሩ ሞተሮች እንጂ አሠራሩ አልተሰጣትም። ሊቃውንቷም በራሳቸው ጀመሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2002 ዓ/ም ያስወነጨፉት የመጀመሪያው፥ ነዳጅ የሚገፋው ፓምፕ ስለቆመ ባሕር ገባ። ታኅሣሥ 27 ቀን 2006 ዓ/ም ተሳካላቸው።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ/ም ከቻይና ምድር የተነሣችው እንዲህ ያለ ብርድ በማያሻው ነዳጅ ነው። ሁለተኛዋ ግን ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ/ም ከወንቻንግ ስትነሣ፥ የሮኬቱ ሁለተኛ ክፍል በፈሳሽ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ይሠራ ነበር። ሮኬቶቹ ሁለቱም የቻይና ናቸው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት የላከችውን ሥዕል ይቀበል የነበረው ጣቢያ ግን በእንጦጦ ተራራ ላይ የቆመ ነው፤ በዚያም የሠሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው።