ከድሮ የተባይ መድኃኒት መጋዘን አጠገብ ለምትኖሩ

ዛሬ በኢንቦክስ የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ለጠያቂዋ ብቻ መልሼ ልተወው ነበር፤ ግን ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ሆኖ አገኘሁት።

ጠያቂዋ እዚሁ ወላይታ ዞን ውስጥ የምትኖር የአምስት ወር ልጅ እናት ናት። የወረዳዋን ስም አልጠቅስም። «ዶክተር፣ ከግቢያችን ጀርባ ድሮ የዲዲቲና የማላታይን መጋዘን ነበር የሚባል ባዶ ቆርቆሮ ቤት አለ። በርሜሎቹን መንግሥት ወስዷቸዋል ይላሉ። ዝናብ ሲዘንብ ግን ሽታው ይመጣል። ልጄን ጡት ማጥባት ላቁም?»

መልሱን አላዘገይም፦ አታቁሚ እህቴ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ እነዚያ በርሜሎች ከየት መጡ? ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለሰፋፊ እርሻዎች እየተባለ ብዙ ኬሚካል ወደ አገራችን ገብቷል። ከፊሉ የተገዛ ነው፣ ከፊሉ በእርዳታ የመጣ። አንዳንዴ ከሚያስፈልገው በላይ ይገባል፣ አንዳንዴ ተባዩ ካለፈ በኋላ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ መጋዘን ውስጥ እያለ ይታገዳል። ከዚያ ማን ያስታውሰው? በርሜሉ ዛገ፣ ጆንያው ተቀደደ፣ መለያው ተላጠ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ጊዜው ያለፈበት የጸረ-ተባይ ክምችታችን ወደ 3,000 ቶን ይገመት ነበር። በአፍሪካ ከነበሩት ትላልቅ ክምችቶች አንዱ ነው። ያውም አንድ ቦታ ሳይሆን በየአገሩ ጥግ በመቶዎች በሚቆጠሩ መጋዘኖች ተበትኖ።

ማጽዳቱም የተጀመረው በዚያው ጊዜ ነው። መንግሥት ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ጋር ሆኖ፣ በአሜሪካ፣ በስዊድንና በኔዘርላንድስ ገንዘብ ሥራውን አስጀመረ። ኤኮኬም የተባለ የፊንላንድ ኩባንያ በመጀመሪያው ዙር ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ መርዝ አሽጎ ፊንላንድ ወስዶ አቃጠለ። በ2005 የአፍሪካ ስቶክፓይልስ ፕሮግራም ሲጀመርም ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 7 አገሮች አንዷ ነበረች።

«ለምን እዚሁ አልተቃጠለም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እንዲህ ያለ ኬሚካል ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ጭሱን በሚያጣራ ልዩ ምድጃ ውስጥ ነው መቃጠል ያለበት። ግቢ ውስጥ በላስቲክና በክብሪት ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል ሌላ መርዝ ሊፈጥር ይችላል። መቅበርም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙን ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ ነው።

በእኔ እምነት ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። በርሜል ማንሳትና ቦታ ማጽዳት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዓመታት ያንጠባጠበው ፈሳሽና የተደፋው ዱቄት ወለሉ ውስጥ፣ አፈሩ ውስጥ ገብቷል። ዲዲቲ አፈር ውስጥ ግማሹ እንኳ እስኪጠፋ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ጠባይ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሲፈርስም ዲዲኢ ወደሚባል የባሰ ዕድሜው የረዘመ ነገር ይቀየራል። ስለዚህ «በርሜሉ ተነስቷል» ስትባሉ ቀጣዩ ጥያቄያችሁ «አፈሩስ ተመርምሯል?» መሆን አለበት።

ሽታውን በተመለከተ፣ ዲዲቲ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። የሚሸተው ብዙ ጊዜ እንደ ማላታይን ያለው ወይም ኬሚካሉ የተበጠበጠበት ፈሳሽ ነው። ሽታው ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

ወደ ሰውነታችን የሚገባው በምን በኩል ነው? ብዙ ሰው ውኃውን ይፈራል። ዲዲቲ ግን ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ የሚጣበቀው አፈርና ስብ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምሰጋው እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ለሚከቱ ሕፃናት ነው። ቀጥሎ በእርግዝና ጊዜ አፈር ለሚያምራቸው እናቶች። (ሐኪም ካልጠየቀ ማንም አይናገረውም እንጂ አፈር የምትበላ እናት ብዙ ናት። ካማረሽ ንገሪን፣ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል።) ሦስተኛዋ ዶሮ ናት። የተበከለ አፈር እየጫረች የምትለቅመውን በእንቁላሏ ትመልስልናለች። እዚያ ግቢ ዶሮ አትልቀቁ፣ ጎመንም ድንችም አትትከሉ። ውኃም ቢሆን ከመጋዘኑ ግርጌ ያለ ጉድጓድ ሳይመረመር ባይጠጣ ይሻላል።

አሁን ወደ ጡቱ። ዲዲቲ ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ በእናት ጡት ወተት ይወጣል። ጅማና አካባቢዋ የተደረጉ ጥናቶች በእናቶችም በላሞችም ወተት ውስጥ አግኝተውታል። ለወባ ሲረጭ ስለኖረ፣ አንዳንድ ቦታም ያለ አግባብ ለሰብል ስለሚውል፣ የሚገርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እንዲህ ባለ ሁኔታም ጡት ማጥባት እንዲቀጥል ነው የሚመክረው። ጡት አቁሞ በጡጦ የተበጠበጠ ዱቄት ወተት የሚጠጣ ሕፃን በተቅማጥና በሳምባ ምች የሚደርስበት አደጋ ዛሬ ያለ፣ የምናውቀው፣ ገዳይ አደጋ ነው። ስለዚህ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ። «ዲዲቲን ከደም የሚያጥብ ሻይ» ብሎ ቲክቶክ ላይ የሚሸጥላችሁን ደግሞ እለፉት፤ እንደዚያ የሚባል ነገር የለም።

ዲዲቲ ራሱ በአንድ ቀን የሚጥል መርዝ አይደለም። ጉዳቱ የዓመታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው፣ ጠንከር ያለ ጥርጣሬ ካለባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። ይህ ማለት መጋዘን አጠገብ የኖረ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም።

ይህን ሳነሳ የምፈራው አንድ ነገር አለ፤ «ታዲያ የወባ ርጭት አናስገባም» እንዳትሉ። ለወባ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ከሶዶ በሻሸመኔ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታልፉት አዳሚ ቱሉ በሚገኘው ፋብሪካ ይዘጋጅ ነበር። ትንኟ ስለለመደችው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በሌላ ተተክቷል። በ2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ሁምቦም ሆነ ሌላ ቆላ ያላችሁ፣ ረጪዎቹ ሲመጡ ምግብና የውኃ ዕቃችሁን አውጡና በሩን ክፈቱላቸው።

በአንድ ቀን የሚጥለው እንደ ማላታይንና ዳይዚኖን ያለው ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ጎድቶናል። «መድኃኒት» እያልን ነው የምንጠራው! መድኃኒት የተባለ ነገር ደግሞ አልጋ ሥር ይቀመጣል፣ ለቅማል ልጅ ራስ ላይ ይቀባል፣ ጀሪካኑ ታጥቦ ዘይትና አረቄ ይያዝበታል። የኬሚካል ጀሪካን በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ አይጸዳም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ይመጥጠዋል። ገበያ ላይ ያገለገለ ጀሪካን ስትገዙ የመለያውን ግርጌ እዩ፦ ቀይ መስመር እጅግ መርዛማ፣ ቢጫው መካከለኛ፣ ሰማያዊና አረንጓዴው ዝቅ ያለ ነው። መለያው የተላጠ ከሆነ ደግሞ ባትገዙት ይሻላል።

ሰው ከተመረዘ ምራቅና እንባ ይበዛበታል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡት፤ እናንተ ግን ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ወተት አታጠጡት፣ እንዲያስመልሰው ጣት አትክተቱበት፤ ሁለቱም በየቤቱ የለመድናቸው ናቸው፣ ሁለቱም ወደ ሳምባው ሊገቡ ይችላሉ። የዕቃውን መለያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሩጡ። አትሮፒን የሚባለው ማርከሻ ሆስፒታል አለ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

ለጠያቂዬና በአካባቢዋ ላሉት፣ ቤቱን አትክፈቱት፣ ቆርቆሮውን ለቤት አትንቀሉት፣ ወለሉን አትጥረጉት፤ አቧራው ነው የሚጎዳው። ለወረዳው ግብርና እና አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች በጽሑፍ አመልክቱ፣ የተቀበሉበትንም ማህተም ያዙ። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090 ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፣ ጥቀሱት። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ አጥር፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ የአፈር ምርመራ። የምርመራው ውጤት ሳይታይ ቦታው ለመኖሪያ ቤት ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት ሊሰጥ ነው ሲባል ከሰማችሁ ደግሞ ካርታው ከመውጣቱ በፊት ተናገሩ።