ካሜራው ሲያይ አደረ፤ ማን ቀረጸው?

ካሜራ የሚያስገጥም ሰው ጥያቄው ሁሉ ስለ ካሜራው ነው። ስንት ሜጋፒክስል ነው፣ ማታ በቀለም ያሳያል ወይ፣ ስልኬ ላይ ታስገባልኛለህ ወይ ይለኛል። ስለ ሳጥኑ የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ሳጥኑ የምንለው ዲቪአሩን ነው፤ ካሜራዎቹ የሚልኩትን ተቀብሎ ውስጡ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን መቅረጫ። በኬብል ከእሱ ጋር የሚታሰሩት ካሜራዎች ራሳቸው ምንም አያስቀምጡም። የመኪና ስፖኪዮ በተፈታ ማግስት ደግሞ የሚፈለገው የትናንት ሌሊቱ ምስል እንጂ የአሁኑ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ መግጠምና መጠገን እንጀራዬ ነው። ወደ ሥራው የገባሁት እንደ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ በዲሽ በኩል ነው፤ ጣሪያ ላይ መውጣትና ኬብል መጎተት የለመድኩት ያኔ ነው። ደንበኞቼን ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ ስልካችሁ ላይ ግቢያችሁን ስላያችሁ ተቀርጿል ማለት አይደለም። ቀጥታው ምስል ከካሜራ ወደ ዲቪአር፣ ከዲቪአር ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ስልክ ሲሄድ ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ዲስኩ ከሞተ ወር ቢያልፈውም ስልኩ ላይ ግቢው ፏ ብሎ ይታያል።

ገርጂ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ያጋጠመኝ ይኸው ነው። ልጃቸው ሜሪላንድ ሆኖ በስልኩ ግቢውን ይጠብቃል፤ ዘበኛው ሲያንቀላፋ ደውሎ የሚቀሰቅሰው እንኳ እሱ ነው። አንድ ሌሊት ግቢ ውስጥ የቆመው መኪና ስፖኪዮዎቹ ተፈቱ። ያ ሰዓት እዚያ አመሻሽ ነው፤ ልጁ ከሥራ ወደ ቤቱ እየነዳ ስለነበር አላየም። ቢሆንም ማንም አልደነገጠም፤ «ካሜራ አለን» ተባለ።

ስደርስ ማውዙን ይዤ ፕሌይባክ የሚለውን ከፈትኩ። የወሩ ካላንደር ሲመጣ ቀረጻ ያለባቸው ቀኖች ቀለም ይኖራቸዋል። የዚያ ወር ባዶ ነው። ያለፈውም ባዶ። ወደ ኋላ እየገፋሁ ቀለም ያገኘሁት ከፋሲካ በፊት ነው። ስቶሬጅ ወደሚለው ስገባ ከዲስኩ አጠገብ «ኤረር» የሚል ተጽፏል።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ከዚህ በፊት ሲጮህ ሰምተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ውይ፣ እሱማ! ጢጥ ጢጥ እያለ እንቅልፍ ሲነሳን የጎረቤት ልጅ መጥቶ ዝም አሰኘልን፤ እግዜር ይስጠው» አሉኝ።

ዲቪአር በከንቱ አይጮህም። ዲስኩ ሲበላሽ፣ ሞልቶ መጻፍ ሲያቅተው፣ አንዱ ካሜራ ሲጠፋበት ነው የሚጮኸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ውሻው አስቀድሞ ጮኾ ነበር፤ ዝም ያሰኙት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጢጥታውን ስትሰሙ ድምፁን ከማጥፋታችሁ በፊት ስቶሬጅ ውስጥ ገብታችሁ ዲስኩ «ኖርማል» ማለቱን እዩ።

ዲስክ ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ዓይነቱ ነው። ተራ የኮምፒዩተር ዲስክ ቀን ከሌት ያለ ዕረፍት እንዲጽፍ ታስቦ አልተሠራም፤ የካሜራ ዲስክ ሥራው ግን እሱ ነው። የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕልና የሲጌት ስካይሆክ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ በስማቸው ጠይቁ። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። በብዙ ዲቪአር ሜኑ ውስጥ «ስማርት» የሚባል ገጽ አለ፤ ዲስኩ በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል። «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ዲስክ 20,000 ሰዓት ካሳየ ከሁለት ዓመት በላይ ሌላ ሰው ቤት አገልግሎ ነው የመጣው።

«አንድ ቴራ ወር ይይዛል» ሲሏችሁም ወረቀት አውጥታችሁ አስሉ። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት እንዲጽፍ ከተስተካከለ በቀን 43 ጊጋባይት ይበላል። አራት ካሜራ 172 ጊጋ ማለት ነው፤ አንድ ቴራባይት ስድስት ቀን ሳይሞላው ያልቃል። ኤች 265 የሚባለውን ማመቂያ መርጣችሁ ወደ 2 ሜጋቢት ብታወርዱት አሥራ አንድ ቀን ይደርሳል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ብታደርጉት ከዚያም ይረዝማል፤ ነገር ግን ዛፍ በተወዛወዘና ዝናብ በመጣ ቁጥር መቅረጹ አይቀርም። ለበሩና ለመኪናው ሙሉ ቀን፣ ለጓሮው በእንቅስቃሴ ማድረግ ጥሩ ነው። ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ እንዲቀጥል ደግሞ ኦቨርራይት የሚለው መመረጡን አረጋግጡ። ካልተመረጠ በሞላበት ቀን ይቆማል።

ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ «ቀን ቀን ይሠራል፣ ማታ ማታ ይጠፋል» ይላሉ። ሰዉ ካሜራውን ጠርጥሮ ነቅሎ ወደ ሱቅ ይወስደዋል። ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ቤት መልሶ ሲሰቅለው ሲመሽ ይጠፋል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ካሜራው ሲጨልም በዓይን የማናየውን የኢንፍራሬድ መብራት ያበራል፤ ያን ጊዜ የሚስበው ኃይል ከቀኑ እጥፍ አልፎ ይሄዳል። ይህን ለማየት መምሸቱን አልጠብቅም። መሰላል ላይ ወጥቼ ቴስተሬን ከካሜራው የኃይል መሰኪያ ጋር አገናኛለሁ። አዳፕተሩ ጋ 12 ቮልት የነበረው እዚህ ሲደርስ 11.4 ሆኗል፤ ይህ ለቀን ይበቃል። ከዚያ የካሜራውን ፊት በመዳፌ እሸፍናለሁ። ጨለማ መስሎት ውስጡ «ቀጭ» ይላል፣ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ቴስተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከ10 በታች ይወርዳል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰውም «ጠፋ!» ብሎ ይጮሃል።

ጥፋቱ የሽቦው ነው። በርካሽ የሚሸጠው ሽቦ ብዙ ጊዜ ከላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። በምላጭ ፋቅ ብታደርጉት ነጭ ይወጣል፤ መዳብ ቢሆን እስከ ውስጡ ቀይ ነው። አልሙኒየሙ ኃይል ሲያሳልፍ የሚያባክነው ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ከሳሎን እስከ አጥር በር አርባ ሜትር ቀጭን ሽቦ የተጎተተበት ቤት ማታ መታወሩ አይቀርም። መፍትሔው ወፍራም የመዳብ ሽቦ መዘርጋት ወይም አዳፕተሩን ወደ ካሜራው ማቅረብ ነው። የአዳፕተሩን ቮልት ከ12 በላይ ማድረግ ግን ካሜራውን ማቃጠል ሊሆን ይችላል።

ማታ ምስሉ ሳይጠፋ ነጭ ጭጋግ የሚመስል ከሆነ ኤሌክትሪኩን ተዉትና መጥረጊያ ያዙ። ሸረሪት መስታወቱ ላይ ድሯን ዘርግታ ይሆናል። ድሩ በነፋስ ሲወዛወዝም ዲቪአሩ ሰው የገባ መስሎት ሲቀርጽ ያድራል።

ስክሪኑ ላይ «ቪዲዮ ሎስ» የሚል ከመጣ ወዲያው አዲስ ካሜራ አትግዙ። የጠፋውን ካሜራ ኬብል ነቅላችሁ የሚሠራው ካሜራ በነበረበት ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ምስል ከመጣ የተበላሸው የዲቪአሩ ቀዳዳ ነው። ካልመጣ ካሜራውን አውርዳችሁ ዲቪአሩ አጠገብ በአጭር ኬብል ሞክሩት። እዚያ ከሠራ ችግሩ መንገድ ላይ ነው፤ ውጭ ባለው መጋጠሚያ ውስጥ የሐምሌ ዝናብ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎት ታገኛላችሁ። መጋጠሚያው ሁልጊዜ ባለ ክዳን ሳጥን ውስጥ ይሁን። ሁሉም ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ግን የጋራ አዳፕተራቸውን ጠርጥሩ።

መብራት በሄደ ቁጥር ዲቪአሩ መጻፍ የጀመረውን ሳይጨርስ ይቋረጣል፤ ሲደጋገም ዲስኩን ይጎዳዋል። መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዩፒኤስ ከገዙት መሃል ግን ዲቪአሩን ብቻ ሰክተው ካሜራዎቹን ግድግዳው ሶኬት ላይ የሚተዉ ብዙ ናቸው። መብራት ሲሄድ ዲቪአሩ በርቶ ባዶ ጨለማ ይቀርጻል። የካሜራዎቹ አዳፕተርም ዩፒኤሱ ላይ ይሁን። ኢንተርኔት መቋረጡ ግን አያሳስባችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ማየት ያቅታችኋል እንጂ ቀረጻው አይቆምም።

የሰዓቱ ጉዳይ በተለይ እኛ አገር ጣጣ አለው። ከቻይና የሚመጡ ብዙ ዲቪአሮች መጀመሪያ ሲከፈቱ በቤጂንግ ሰዓት ላይ ናቸው፤ ከእኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነው ነገር 7፡00 ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያ ባለቤቱና ፖሊሱ የሌሊት 7 ነው፣ የቀን 7 ነው፣ የፈረንጅ ጠዋት ነው እያሉ ይከራከራሉ። አንዳንዱ ደግሞ በእጁ በኢትዮጵያ ሰዓት ይሞላዋል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ዲቪአሩ መልሶ ይቀይረዋል፣ የቀረጻው ሰዓትም ይደበላለቃል። ጂኤምቲ +3 ምረጡ፣ የበጋ ሰዓት ማስተካከያውን አጥፉ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ አድርጉና ስድስት ሰዓት መቀነሱን በጭንቅላታችሁ ሥሩት። ዘመን አቆጣጠራችንንም አያውቀውም፤ የደመራ ምሽት የሆነውን የሚፈልግ ሴፕቴምበር 26ን ይክፈት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 27ን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ ቀኑ ተቀይሯልና የማግስቱን ይክፈት። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች።

ሳጥኑን ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ዳንቴል አልብሶ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ዳንቴሉ አየር ይከለክለዋል፤ ሙቀት ደግሞ የዲስክ ጠላት ነው። ሌባም ሳሎን ከገባ ቴሌቪዥኑን ሲያነሳ ማስረጃውን አብሮ ያነሳል። አየር የሚያገኝበት፣ የሚቆለፍ፣ ከዓይን የራቀ ቦታ ፈልጉለት። ካሜራውንም እጅግ ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉ፤ ከኮርኒስ ሥር ቁልቁል የሚያይ ካሜራ የሚይዘው የሰውን አናት ነው፣ ፖሊስ የሚጠይቀው ግን ፊቱን ነው። የጎረቤት መስኮት ከገባበት ደግሞ ሜኑው ውስጥ ያንን ክፍል መሸፈኛ አለ፤ ተጠቀሙበት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ ጉርብትናም ይህንኑ ይፈልጋል።

ፓስወርዱ የባለቤቱ ይሁን። የገጠመላችሁ ሰው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ እሱ ስልክ ቁጥሩን በቀየረ ቀን ቤታችሁ ያለው ዕቃ የእናንተ መሆኑ ያከትማል። ከፋብሪካ በመጣበት ፓስወርድ መተውም አደጋ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ፕሮግራም የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን በየአገሩ እየሰበረ ገባ፤ በኦክቶበር 21 በእነሱ አማካይነት በተከፈተው ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። የእነዚያ ሳጥኖች ባለቤቶች ዕቃቸው ለማን እየሠራ እንደነበር አላወቁም።

ስርቆት ከደረሰ መጀመሪያ ቅጂ አውጡ። ኦቨርራይት ማንንም አይጠብቅም፤ ጉዳዩ ፖሊስ ጣቢያ እስኪንቀሳቀስ ቀረጻው ሊጠፋ ይችላል። ፍላሽ ሰክታችሁ ሰዓቱን ሰፋ አድርጋችሁ ገልብጡ፤ ኤምፒ4 የሚል ምርጫ ካለ እሱን ውሰዱ፣ በአብዛኛው ስልክ ይከፈታል። ፍላሹን አልቀበልም ካለ እዚያው ዲቪአሩ ላይ ፎርማት አድርጉት፤ ስትጫኑ ግን የመረጣችሁት ፍላሹን እንጂ ሃርድ ዲስኩን አለመሆኑን ሁለቴ እዩ። ዲስኩ ራሱ «ኢኒሻላይዝ አድርገኝ» ካላችሁ እሺ አትበሉት፤ የተረፈውን ሁሉ ይጠርገዋል። ነቅላችሁ ለባለሙያ አሳዩት።

አዲስ የምታስገጥሙ ከሆናችሁ ደግሞ የሥራውን ርክክብ በምሽት አድርጉት። ገጣሚው ስልክ ላይ ቀጥታውን አሳይቶ «አለቀ» ሲላችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት የተቀረጸውን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከዚያ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅሎ ሁሉም ካሜራ መቆየቱን ያሳያችሁ። አንድ ደቂቃ ወደ ፍላሽ ገልብጦ በሌላ ስልክ ያጫውትላችሁ፤ ፓስወርዱንም እናንተ ቀይሩት። ከዚያ በኋላ በየወሩ፣ የመብራት ሂሳብ በምትከፍሉበት ቀን፣ ያለፈውን ሌሊት ከፍታችሁ እዩ። ገጣሚው ይህን ሁሉ ሳያሳያችሁ «ሌላውን ነገ መጥቼ አስተካክላለሁ» ካለም አትጣሉት፤ ሂሳቡን ነገ ክፈሉት።