የሹፌር ስካር በቤተ ሰቡ ላይ የሚያመጣው ዕዳ

መኪና ነድቶ የሚያድር ሰው የራሱን ነፍስ ብቻ ይዞ አይሄድም። የአውቶቡስ ነጂ የብዙ እናቶችን ልጆች፥ የጭነት መኪና ነጂም የባለንብረቱን ሀብትና በመንገድ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ሕይወት በእጁ ይዞ ይጓዛል። ስለዚህ ሕግ ከሌላው ሰው ይልቅ ከእርሱ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ዓመት የቈየን ስለ ሆንን፥ ያየነውንና ሕጉ የሚለውን ለአንባቢዎቻችን ማስታወቅ ይገባናል ብለን ይህን ጻፍን።

አንድ ቀን በችሎቱ ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው አየን። አንደኛዋ ባሏ በጭነት መኪና ተገጭቶ የሞተባት ናት፤ ሁለተኛዋ ግን የገጪው ሹፌር ሚስት ነበረች። ባሏ በሕይወት ሳለ ስለ ምን እንደ ሐዘንተኛ ሆነች የሚል ቢኖር፥ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የተነበበውን ፍርድ ቢሰማ ነገሩ በገባው ነበር። ሹፌሩ «ሰክሬ ስለ ነበር አላወቅሁም» ብሎ ምሕረት ለመነ፤ የተፈረደበት ግን ሰባት ዓመት ጽኑ እሥራት ነው።

ብዙ ሰው ስካር ጥፋትን የሚያቃልል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ50ኛው አንቀጽ፥ ፈቅዶ ወይም በቸልተኝነት ራሱን አእምሮ ያሳጣ ሰው ያን ምክንያት አድርጎ ከኃላፊነት እንዳያመልጥ ይከለክላል። በ543ኛው አንቀጽም፥ እንደ ሹፌር ያለ የሰውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ነፍስ ቢያጠፋ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እሥራትና የገንዘብ መቀጮ አለበት። ጥፋቱ የደረሰው ሰክሮ ራሱን መግዛት በማይችልበት ሁኔታ ሳለ እንደ ሆነ ግን፥ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይሆናል። እንግዲህ ስካር ቅጣትን ያከብዳል እንጂ አያቀልም።

ዕዳው በዚህ አያበቃም። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ 2081ኛ አንቀጽ መሠረት፥ መኪናው ላደረሰው ጕዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ይጠየቃል። የሟቹ ሚስትና ልጆች ስለ ጠፋባቸው መጦሪያ ካሣ ለመጠየቅ መብት አላቸው። ሹፌሩም ባለመኪናው በመጠየቁ ነፃ አይወጣም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ደግሞ ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘትን ይከለክላል፤ ይህንም ያደረገ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ይልቁንም ለቤተ ሰብ የሚከፋው የሚከተለው ነው። ሠራተኛ በሥራው ላይ ጕዳት ቢደርስበት ሕጉ አሠሪው ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል፤ ነገር ግን ሰውነቱን መቈጣጠር እስከማይችል ድረስ ሰክሮ ሥራ ገብቶ ለደረሰበት ጕዳት፥ ራሱ ዐውቆ እንዳደረሰው ይቈጠርበታልና አሠሪው አይጠየቅም። እንዲህም ሲሆን ሹፌሩ አካሉን ቢያጣ ቤቱ ደመወዙንም ካሣውንም በአንድ ቀን ያጣል።

«ማታ ጠጣሁ፥ ሌሊት ተኛሁ፥ ጧትም ቡና ጠጣሁ» የሚል ሹፌር ራሱን ያታልላል። መጠጥ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ በቀስ በሰዓት ብዛት ነው እንጂ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አያፈጥነውም። እኩለ ሌሊት ድረስ አረቄ ሲጠጣ ያመሸ ሰው በማለዳ መሪ ሲይዝ ገና ያልበረደ ስካር በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ቍልቍለት ጭነት የያዘ መኪና አስቀድሞ በከባድ ማርሽ ካልተያዘ ፍሬኑ ግሎ ይከዳል፤ በዚያ ሥፍራ የአንድ አፍታ መዘግየት ለብዙ ሰው ሞት ይበቃል።

ስለዚህ ነገሩ የሹፌሩ ብቻ አይደለም። ባለመኪና ሹፌሩን ሲያሰማራ ፊቱን ይመልከት፤ ሰክሮ ካገኘውም ጭነቱ ቢዘገይ ይሻላልና ቍልፉን ይቀበለው። ረዳትም ቢሆን አለቃዬ ነው ብሎ አይፈር። ሚስትም ባሏ ማለዳ መንገድ የሚወጣ ከሆነ በዋዜማው መጠጥ እንዳይቀርብለት ታድርግ። በግብዣም ላይ እንግዳችን ሹፌር መሆኑን እያወቅን «በሞቴ አንድ ብቻ» እያልን የምናስጨንቅ ሰዎች አለን። ይህ የፍቅር መሐላ ነው፤ ነገር ግን ለሹፌር ሲሆን በሌላ ሰው ሞት እንዳይፈጸም እንፍራ።

ከፍርዱ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ከዚያው ወንበር ተነሥተው በየመንገዳቸው ሲሄዱ አየናቸው። ካሣ ቢከፈል ሟች አይነሣም፤ እሥራቱም ቢፈጸም ያለ አባት ያደጉት ልጆች ዘመን አይመለስም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና፥ ብርጭቆውን ማስቀመጥ ከመንገዱ በፊት ነው።