እርጥብ ጋቢና የጎተራ በቆሎ
በክረምት ልብስን በቤት ውስጥ ማድረቅና ሻጋታን መከላከል

በምዕራብ ጎጃም በቆሎ አብቃይ ወረዳዎች እህል ወደ ቤት የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በደረቁ ወራት ነው። በሚገባ የደረቀ በቆሎ ሲከተት ከመቶ 13 እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ እርጥበት ይኖረዋል። ይኸው እህል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲከፈት ግን አንዳንድ ጊዜ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆየው ክፍል ተጋግሮና አረንጓዴ ብናኝ ለብሶ፣ የሻጋታ ሽታ ይዞ ይገኛል። ገበሬው «ዝናብ ገብቶበት ነው» ይላል፤ የልማት ሠራተኛውም ጣራውን መርምሮ ቀዳዳ ያጣል። በቤቱ ውስጥ የተዘረጋውን የልብስ ገመድ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው።

ልብስ ማጠብና ማድረቅ የእማወራዋ ጉዳይ ነው እየተባለ ከእህል ጥበቃ ትምህርት ውጭ ሲቀር ቆይቷል። ይህ አከፋፈል ለቢሮ ይመች ይሆናል እንጂ ለቤቱ አይመችም። በብዙ የገጠር ቤቶች ጎተራው ወይም ጆንያው፣ ምድጃውና የልብሱ ገመድ በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ከልብሱ የሚወጣውም ውሃ እህሉን ሳይነካ አይቀርም።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነና 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ክፍል 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 13 ግራም ያህል የውሃ ተን ይሸከማል። ስለዚህ የክፍሉ አየር በሙሉ፣ ከመነሻው ፍጹም ደረቅ ነበር ብንል እንኳ፣ የሚሸከመው 650 ግራም ብቻ ነው። በሌላ በኩል ጋቢ አራት እጥፍ የተደረበ ጥጥ በመሆኑ ብዙ ውሃ ይይዛል። ሲደርቅ 2 ኪሎ የሚመዝን ጋቢ በእጅ ተጨምቆ 4 ኪሎ ከሆነ፣ ሲደርቅ 2 ሊትር ውሃ ለቤቱ ይለቃል ማለት ነው። ይኸውም አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ትርፉ ቀዝቃዛ ነገር ይፈልጋል። ሌሊት የቆርቆሮው ጣራ ሲቀዘቅዝ ተኑ ወደ ውሃነት ተመልሶ ይንጠባጠባል። ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ምንም ሳያሳይ ይመጠዋል። እህሉም እንዲሁ ነው፤ በቆሎ በዙሪያው ካለው አየር እርጥበት ይወስዳል፣ ይሰጣልም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከመቶ 70 ሆኖ ሲቆይ በቆሎው ወደ 14፣ ከመቶ 80 ሆኖ ሲቆይ ወደ 16 ያህል ይጠጋል። ሻጋታ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ለውጡ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ በመጀመሪያ የሚጎዳው ግድግዳውንና ወለሉን የነካው የውጭው ንብር ሲሆን፣ ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ ሲታጠብና በቤት ውስጥ ሲሰጣ ጉዳቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

«እሳት አለ፣ ያደርቀዋል» የሚል መልስ በብዛት ይሰማል። እሳት ልብሱን ያደርቃል፤ ውሃውን ግን ከቤት አያስወጣም። የሞቀ አየር ብዙ ተን ይሸከምና መውጫ ካጣ ከጎተራው ጀርባ፣ ከቀዝቃዛው ጥግ ላይ ያራግፈዋል። የሣር ክዳን ቤት በዚህ ረገድ ይሻል ነበር፤ ጭሱም ተኑም በሣሩ መካከል ሾልኮ ይወጣልና። ቆርቆሮ ማልበስ መጥፎ ነው አንልም። መጥፎው ቆርቆሮ ሲለብስ በግድግዳው አናትና በጣራው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ በጭቃ መድፈን ነው። አይጥና ወፍ የሚያሰጋ ከሆነ ክፍተቱን በወንፊት ሽቦ መሸፈን ይቻላል።

የልማት ሠራተኛው ይህን በቃል ብቻ ቢናገር አድማጭ አያገኝም። የተሻለው መንገድ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሚዛን ተውሶ አንድ የተጨመቀ ጋቢ በአባወራውና በእማወራዋ ፊት መመዘን፣ ከደረቀም በኋላ ተመልሶ መመዘን ነው። ልዩነቱን በሊትር ጣሳ ውሃ ቀድቶ በጆንያው አጠገብ ማስቀመጥ ከረጅም ንግግር ይበልጣል።

መደረግ ከሚገባው ሁሉ የሚቀድመው ውሃው ቤት ሳይገባ ማስቀረት ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ በተቃራኒ ጠምዝዞ ይጭመቀው፤ ከዚያ ውሃው እስኪያቆም ውጭ ይንጠፍጠፍ። ብዙ ጊዜ በክረምት ረፋዱ ብራ ሆኖ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ እጥበቱ በማለዳ ቢጀመር ጥቂት ሰዓት ንፋስና ፀሐይ ያገኛል። የጣራው ክፈፍ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ከወጣ ገመዱን ከሥሩ መዘርጋት ይቻላል፤ በጥላም ቢሆን ንፋስ ልብስን ያደርቃል። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ የቤቱ ጋቢና ነጠላ ሁሉ በጳጉሜን በአንድ ቀን የመታጠቡ ልማድ ግን ያስቸግራል። በዓሉን ማንም አይነካም፤ ሆኖም ወፍራሙን ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ብራ በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ እያሉ ማጠብ ይቻላል።

የግድ ቤት ውስጥ የሚሰጣ ከሆነ እህል በሌለበት ክፍል ይሁን። ያ ካልተቻለ ገመዱ በበሩና በመስኮቱ መካከል ይዘርጋ፤ በልብሶቹ መካከል አንድ ስንዝር ይተው፤ በጎተራ ወይም በጆንያ ላይ ልብስ ማስጣት ፈጽሞ ይቅር። በሩና ትይዩው መስኮት ይከፈቱ። «ውጭው ዝናብ ነው፣ እርጥበት ይገባል» የሚሉ አሉ። የውጭው ቀዝቃዛ አየር ግን ከሞቀው የቤት አየር ያነሰ ውሃ ነው የሚሸከመው፤ ገብቶ ሲሞቅ ተጨማሪ ተን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ እሳቱ በሚነድበት ጊዜ መክፈቱ ይበልጥ ይጠቅማል። ጆንያው ከወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ርቆ ይቀመጥ። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የቤቱን እርጥበት ይከላከላል፤ ነገር ግን ሳይደርቅ የገባን እህል አያድንም።

ግድግዳው ሻግቶ ከተገኘ በደረቁ አይጠረግ፤ ብናኙ ወደ እህሉና ወደ ሰው ሳምባ ይሄዳል፣ አስም ላለበትም ይብሳል። እህሉ መጀመሪያ ይውጣ። የጭቃ ምርጊቱ በትንሹ ረጥቦ ይፋቅ፤ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ እንደገና ይመረግ። በረኪና ለሲሚንቶ ግድግዳ ይሆናል፤ በጭቃ ላይ ግን ተጨማሪ ውሃ መጨመር ነው።

የሻገተ በቆሎ ነገር ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) በምሥራቅ ኬንያ፣ በማኩዌኒና በኪቱዪ አካባቢ፣ አፍላቶክሲን በተባለው የሻጋታ መርዝ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። በኋላ በተደረገው ምርመራ እርጥበት ያለው በቆሎ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ማከማቸት ከበሽታው ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ መርዝ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። «ለጠላ ይሆናል» ወይም «ለላም እንስጠው» የሚለውም መፍትሔ አይደለም፤ ከጠላው ወደ ጠጪው፣ ከአተላውና ከመኖው ወደ ወተቱ ይተላለፋል። የተጋገረውና ቀለሙ የተለወጠው ፍሬ ተለቅሞ ይቀበር። በተለይ ለሕፃናት ገንፎ የሚሆነው እህል ከጆንያው መካከል ሳይሆን ተለቅሞ ከታየው ብቻ ይፈጭ።

እርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጠርሙስና ጨው ይበቃል። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ሩቡ ድረስ በቆሎ ይጨመርበታል፤ በምጣድ ላይ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይታከልና ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ በኃይል ይናጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከመቶ 15 በላይ ነው፤ እህሉ ብራ ሲገኝ ወጥቶ መሰጣት አለበት። ናሙናው ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከግድግዳው በኩል ካለው ጎን ይወሰድ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አንድ የጋራ ዳስ ቢሠሩ ጥሩ ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ አራት ጎኑ ክፍት፣ ወለሉ ከፍ ያለ ይሁን። በክረምት የአባላት ጋቢና ብርድ ልብስ ይሰጣበታል፤ በኅዳር ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢመጣ የበቆሎው ዛላ ይጠለልበታል። ገመዶቹ የሚፈቱ መሆን አለባቸው። የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂም ካፖርቱን ከዚያው ዳስ እንጂ ከመጋዘኑ ውስጥ እንዳያሰጣ ይነገረው። የጨውና የጠርሙሱ ምርመራ ከሐምሌ መግቢያ እስከ መስከረም አጋማሽ በየ15 ቀኑ ይደረግ፤ ውጤቱም በቤት በቤት ተለይቶ በመዝገብ ይያዝ።