የጋራውን ማን ይጠብቀው?

ጭሮ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። ቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነበር። ዛሬም በዚሁ ስም የሚጠሯት አሉ። ጫት የሚነግድ፣ ቡና የሚሸጥ፣ መኪና የሚጠብቅ ሰው በየቀኑ ይገባባታል። በሂርናም፣ በበደሳም፣ በገለምሶም እንዲሁ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ውሃ ይጠጣል፤ ይታጠባል፤ ሽንት ቤትም ይፈልጋል። ሽንት ቤት ስንል የሚያፍር አንባቢ አይጠፋም። አንፈር! ልጆቻችንን የሚያስተኛቸው ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው።

አስቀድመን ውሃውን እንቁጠር። ለአንድ ሰው በቀን ከ20 ሊትር ባያንስ ጥሩ ነው ይላሉ የጤና ባለሙያዎች። ይህ አንድ ጀሪካን ነው። ክብደቱም 20 ኪሎ ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት አምስት ጀሪካን ያስፈልጋል። አንዱ ምልልስ ከነወረፋው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ አምስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህን ጊዜ የምታጠፋው እናት ናት። እሷ ካልቻለች ሴት ልጇ ከትምህርት ትቀራለች። ማታ ደክሟት ፊደል ለመቁጠር የምትቀመጠውም ይህችው እናት ናት።

ቦኖ በሰፈር ሲተከል ይህ ድካም ይቀንሳል። ተክሎ መሄድ ግን አይበቃም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በብዙ የቀበሌ ግቢ ጎረቤቶች አንድ ሽንት ቤት በጋራ ይጠቀሙ ነበር። ኪራዩ ለዓመታት በጥቂት ብር ቆየ፤ ለጥገና አልበቃም። ጉድጓዱ ሲሞላ «የኔ ተራ አይደለም» ተባለ። ይህን ያላየ የከተማ ሰው አለ እንዴ?

በሕንድ አገር፣ በፓትና ከተማ ሌላ መንገድ ተሞከረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ሱላብ የተባለ ድርጅት በጥቂት ሳንቲም የሚገባበት የሕዝብ ሽንት ቤት ከፈተ። ሰዉም ከፈለ። ጠራጊው ከዚያ ደመወዝ አገኘ። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፋ። እኛ ግን ሕፃናትና አቅመ ደካሞች በነጻ ይግቡ እንላለን። ሳንቲም ያጣ ሰው ወደ ወንዝ ዳር ከሄደ ምን ተጠቀምን?

ወደ ቦኖው እንመለስ። ቦኖ ጠባቂ ካለ፣ ውሃው በጀሪካን ከተሸጠ፣ ለጥገናም ገንዘብ ይኖራል። ሂሳቡን የሚያይ ሰው ግን ያስፈልጋል። ይህን ሥራ አሁን እናንተ ትችላላችሁ። ቆጣሪው አንድ ሜትር ኩብ ሲጨምር 1000 ሊትር ወጥቷል። ይህም 50 ጀሪካን ነው። በሳምንት 10 ከጨመረ የ500 ጀሪካን ገንዘብ መኖር አለበት። የቆጣሪውን ቁጥር በየሳምንቱ በደብተር ጻፉ፤ በሰፈር ስብሰባም አንብቡት። ገንዘቡ ጎድሎ ከተገኘ ጠባቂዋን ከመውቀሳችሁ በፊት ቧንቧውን እዩ። ምናልባት የሚያፈስ ይሆናል።